ጤፍ የተዘራበት ሜዳ

ባለፈው ሐምሌ ወደ ቆቦ ስገባ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሆርማት ወንዝ ዳር ሲደርስ ቆመ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አወጣና አየሩን አሸተተ።

"ምነው ቆምክ?" አልኩት።

"እየመጣ ነው። አይሸትሽም?"

ሸተተኝ። የጎርፍን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የዝናብ ሽታ አይደለም፤ ዝናቡ የዘነበው ደጋ ነው፣ እኛ ዘንድ ጠብታ አልወደቀም። ውሃው ከተራራው ሲወርድ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የፍየል በጠጥ፣ የታረሰ የደጋ አፈር፣ የተነቀለ ሥር። ሽታው ከድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ትንሽ ቆይቶ ደረቁ አሸዋ ላይ ቡናማ ውሃ አረፋውን እየገፋ ብቅ አለ። ሹፌሩ "እንግዲህ አርፈን እንቀመጥ" ብሎ እግሩን ዘረጋ። እኔ ግን ሽታው አሥር ዓመቴ ላይ ወስዶ ጥሎኝ ነበር፤ ጎርፉ ኳስ ሜዳችን የገባበት ክረምት ላይ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከተማው አልቆ ማሽላው በሚጀምርበት ጫፍ ነበር። እማ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙሄ፣ አያታችን አባ ይመርና እኔ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። አባ ይመር የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በማን ማሳ፣ በስንተኛው ተራ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ነው። ዳኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊሽካ የለውም እንጂ።

ሙሄ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የንጋት በረኛ ነው። ንጋት የከተማችን ቡድን ነበር፤ በዚያ ዓመት ማሸነፍ የሚባለውን ነገር ረስቶታል። ከተማው በሙሉ ቅዳሜን መፍራት ጀምሯል። እሑድ ጠዋት ባለሱቁም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ሥጋ ሻጩም ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚውለው። እኔ ስለ ኳስ ብዙም አላውቅም ነበር። በረኛ ማለት የተቀጣ ተጫዋች ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ እንደልባቸው ሲሮጡ እሱ ብቻውን ሁለት እንጨት መሃል ይቆማል፤ ልብሱ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጥፋት ሲደርስ ሁሉም ወደ እሱ ያያል። ሙሄ ምን አጥፍቶ እንደተቀጣ እማን ልጠይቃት አስቤ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

የደጋፊዎቹ አለቃ ተፈራ ጎሚስታ ነበር፤ ዋናው መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይለጥፋል። ከበሮ ስለሌለው የአሮጌ አይሱዙ ቸርኬ ግራር ላይ አንጠልጥሎ በጎማ መፍቻ ይደበድባል። ድምፁ ጎረቤት ከተማ ጎብዬ ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድ ነበር። በተሸነፍን ቁጥር መፍቻውን መሬት ላይ ይወረውርና "የፈነዳ ጎማ ሁሉ ጠግኛለሁ፤ ይኼን ቡድን ግን በምን ልለጥፈው?" ይላል።

የደጋፊው ሥራ ስድብ ብቻ አልነበረም። ሜዳው ድንጋያማ ስለሆነ እሑድ እሑድ ትልቅ ትንሹ ወጥቶ ድንጋይ ይለቅማል። የለቀምነው ድንጋይ ግን በሳምንቱ ተመልሶ እናገኘዋለን። ነፋሱ አፈሩን ጠርጎ ይወስድና ከሥር ያለው ድንጋይ ራሱን ያወጣል። እኔ ደግሞ ተቃራኒዎቻችን ተደብቀው እየመጡ የሚበትኑት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ የለቀምኩትን ድንጋይ ሌላ ጊዜ እንድለየው በከሰል ምልክት አደርግበታለሁ። አንድ ጁምዓ ሸሁ ጎሉ ሥር ዱዓ አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ቄሱ ጸበል ረጩ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን።

"ሁለቱም አንድ ነገር ነው የነገሩን" አለ ተፈራ። "ሜዳችሁን አስተካክሉ እያሉን ነው።"

ግጥሙን የሠራሁት ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ሳምንት፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ልጆቹ "የወንፊቱ እህት" ይሉኝ ጀምረው ነበር። ወንፊቱ ሙሄ ነው። ጠዋት ስገባ "የወንፊቱ እህት መጣች"፣ በዕረፍት ሰዓት "የወንፊቱ እህት፣ ዱቄት ንፊልን"። ከእነሱ የባሰ ስድብ ከእኔ አፍ ከወጣ ከእነሱ ወገን ሆኜ እታያለሁ፣ ይተዉኛልም ብዬ አሰብኩ። ከሁለት ቀን በፊት የሙሄ ፍራሽ ሥር አዲስ የቀበሌ መታወቂያ አግኝቼ ነበር። ፎቶው ላይ ግንባሩን ቋጥሯል። መታወቂያ ለምን እንደሚወጣ አላውቅም፤ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ሽልማት መስሎኝ በልቤ ኮርቼበታለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ቀርቶ ነበርና ደብተሬ ጥግ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የሙሄ መረብ የጎብዬ ገበያ፣
ሁሉ ይገባል ያለ መታወቂያ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሰሚራ አንብባ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ማታውኑ ለወንድሟ ነገረችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ስደርስ ተፈራ ቸርኬውን እየደበደበ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ የእኔን ቃል ይላል።

ደስ አለኝ። ይህን ባልጽፍ በወደድኩ፣ ግን ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ቃሌን ሰምቶ የሚደግም ሰው አልነበረኝም፤ እማ እንኳ "ዝም በይ እስቲ" ነው የምትለኝ። አሁን ከተማው በሙሉ ይደግመዋል። ከሰሚራ ጋር ከጎሉ ጀርባ ቆመን እኔም ጮክ ብዬ አብሬ ዘፈንኩ።

ከጎል ጀርባ ለቆመ ሰው በረኛ ፊቱን አያሳየውም። የሙሄ ጀርባ ላይ አንድ ቁጥር ነበረች። ግጥሙ ሁለተኛ ሲዞር ትከሻዎቹ ወደ ጆሮዎቹ ተጠጉ፤ ብርድ የመታው ሰው ይመስል፣ በቆቦ ፀሐይ። ሦስተኛ ሲዞር አፌ ቃሉን ማውጣት እምቢ አለኝ። ሰሚራ በክርኗ ጎሰመችኝ። "ዝፈኚ እንጂ፣ የራስሽ አይደል?" አለችኝ።

ማታ ራት ላይ ሙሄ እንጀራውን አልነካም።

"ውድድሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ" አለ። "ከእነ ጀማል ጋር። በአፋር በኩል።"

በአፋር በኩል ማለት ወደ ሳውዲ ማለት መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። ከሰፈራችን የሄዱት ልጆች ብዙ ናቸው። ደውለው "ደረስን" ያሉም አሉ፤ ስልካቸው እንደተዘጋ የቀረም አሉ። መታወቂያው ሽልማት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ያረቢ!" አለች እማ።

አባ ይመር እጃቸውን ታጥበው ጨረሱ። "ምን ሆነህ ነው የምትሄደው?"

"መንገድ መሄድ አቅቶኛል፣ አባ። የሰፈር ሕፃናት ሳይቀሩ ይዘፍኑብኛል።"

"ምን ብለው ነው የሚዘፍኑ? በለኝ እስቲ።"

ሙሄ ዓይኑን ትሪው ላይ ተክሎ ግጥሙን አለላቸው። ዘፈን አላደረገውም፤ እንደ ደብዳቤ ነው ያነበበው። የአባ ይመር ከንፈር ፈገግ ሊል ሲል አየሁ፤ ያዙት። እኔ የውሃውን ማሰሮ አንስቼ ወጣሁ። ማሰሮው ሙሉ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከውድድሩ አዘጋጆች ደብዳቤ መጣ። አንድ የእንግዳ ቡድን ተጫዋች ሜዳችን ላይ ወድቆ ትከሻው ተሰብሮ ነበር። ሜዳው ተስተካክሎ፣ አፈሩ ለስልሶ ካልታየ የቀረችንን የመጨረሻ የሜዳችንን ጨዋታ ሌላ ከተማ ሄደን እንድንጫወት ተወሰነ። ከወራጆቹ ለማምለጥ ያቺን ጨዋታ ማሸነፍ አለብን። ሰው አገር፣ ያለ ደጋፊ፣ ያለ ቸርኬ፣ ማን ያሸንፋል?

አባ ይመር በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሜዳ የረገጡት በማግስቱ ነው። ተጫዋቾቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። ኳሱን አላዩትም። ማዕዘኑ ላይ ቁጢጥ ብለው አፈር በጣታቸው አሹ፤ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ አዩት።

"ይኼ መሬት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ነው የሚያዘነብለው" አሉ። "ውሃ ቢለቁበት ብቻውን ይሄዳል።" ከዚያ ሙሄን ጠሩት። "ና እስቲ ውደቅ።"

"እ?"

"ኳሷን ልትይዝ ስትወድቅ እንዴት ነው የምትወድቀው? አሳየኝ።"

ሙሄ ዙሪያውን አየ፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ለመውደቅ አጎነበሰ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ግን መጨረሻ ላይ እጁን ቀድሞ መሬት ላይ አኖረ። አባ ይመር ተነሥተው ቁምጣውን ከዳሌው ላይ ገለጥ አደረጉት። ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ቁስል በቁስል ላይ ነበር፤ የደረቀ፣ ያልደረቀ፣ ጠጠር ውስጡ የቀረበት። አንድ ቤት እየኖርን አይቼው አላውቅም። የቤት ሱሪውን በሙቀት እንኳ የማያጥፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"አንተ ኳሷን አይደለም የምትፈራው" አሉት አባ ይመር። "መሬቱን ነው።"

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ገበሬዎቹ ስለ ጎርፉ ተራ ሊነጋገሩ ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ተፈራም ኮፍያውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የሚቀጥለው ተራ የራሳቸው የአባ ይመር ነበር። ማሽላችን ጉልበት ደርሶ ነበር፤ ቀትር ላይ ቅጠሉ ከጥማት ብዛት ይጠቀለላል።

"የእኔን ተራ ለኳስ ሜዳው ሰጥቻለሁ" አሉ አባ ይመር። "ጎርፉ ደለሉን ያምጣና ድንጋዩን ያልብሰው።"

አያ ካሳ ተነሣ። ማሳው ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ነው፤ ከእሱ ይበልጥ የውሃን ሕግ የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም። "አባ ይመር፣ ሕጉን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ዘር ለሌለው መሬት ጎርፍ አይሰጥም። ዛሬ ለኳስ ከፈቀድን ነገ አንዱ ለጡብ ጭቃ ይጠይቀናል።"

ሰው ሁሉ ወደ አባ ይመር ዞረ። እኔ የሚናደዱ መስሎኝ ነበር።

"ልክ ብለሃል" አሉ። "እንግዲያው ይዘራበታል።"

"ምን?"

"ጤፍ።"

ተፈራ ብድግ አለ። "አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ የምንፈልገው ሣር ነው።"

"ጤፍስ ሣር አይደል? አጨዳ ድረስ ካልታገሥከው ሣር ነው።"

"እህል ላይ ሊራገጡ ነው?" አለ አያ ካሳ።

"መጀመሪያ ይብቀል፣ ካሳ።"

አያ ካሳ ብዙ አሰበ። "ዘር ካለ ውሃውን አልከለክልም" አለና ተቀመጠ። "ግን ሲዘራ ቆሜ አያለሁ።"

እማ ስትሰማ ድስቱን አስቀምጣ ወጣች። "ማሽላው ሊደርቅ? የልጆቹ ጉሮሮ ለኳስ ይሰጣል እንዴ፣ አባባ?"

"አንዱን ልጅ ለበረሃ ከምሰጥ ማሽላዬን ለፀሐይ ብሰጥ ይሻለኛል" አሏት። እማ ወደ ጓዳ ገብታ ለዘር ያስቀመጠችውን ጤፍ በቁና አውጥታ ደጃፉ ላይ አኖረችው፤ አኖረችው ከማለት መሬቱን መታችበት ማለት ይቀላል።

ሳምንቱን በሙሉ ከእናት ቦዩ እስከ ሜዳው ድረስ ተቆፈረ። ጎማ ለጣፊ፣ አስተማሪ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም አካፋ ይዞ። ገበሬዎቹ ዳር ቆመው የከተሜውን አቆፋፈር ያያሉ፤ "እንደሱ አይደለም፣ ሾርባ እያማሰልክ ነው እንዴ?" ይላሉ፤ ከዚያ ሳያስቡት አካፋውን ነጥቀው ይገባሉ። ሙሄም ቆፈረ። ማንም ዓይኑን ቀና አድርጎ አላየውም፤ እሱም ማንንም አላየም።

ጎርፉ የመጣው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ የተፈራ ቸርኬ፣ ከዚያ ውሃው። በምዕራቡ ጎል በኩል ገባ። አረፋ፣ ቅርንጫፍ፣ የአንድ እግር ፕላስቲክ ጫማ፣ ከደጋ የመጣ አንድ ድንች ይዞ። ውሃው የመሃሉን መስመር ሲያልፍ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ጎል!" ብሎ ጮኸ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሙሄ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚሸሸውን ውሃ በአካፋ ይመልሳል። እዚህ ጎል ላይ ግን አንድም አላመለጠችውም። አባ ይመር ግድቡ ላይ ቆመው ነበር፤ ከኋላቸው፣ ከአንድ ቦይ ማዶ፣ የእኛ ማሽላ ተጠቅልሎ ቆሟል። አንድ ጊዜም ዞረው አላዩትም።

ውሃው ሰርጎ ደለሉ ረጋ ሲል ድንጋዩ በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ በከሰል ምልክት ያደረግሁባቸውም ጭምር። የጤፍ መሬት ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል። አባ ይመር ከብት አላስመጡም፤ ተጫዋቾቹን በባዶ እግራቸው አሰልፈው ዙሩ አሏቸው። ተፈራ ቸርኬውን እየመታ "ሃ! ሃ! በሬዎቼ!" ይላል። ከኋላ ደጋፊው ተከተለ፣ ከደጋፊው ኋላ ልጆች። ጭቃው ጠብቆ እንደ መደብ ለጥ እስኪል ዞርን። ከዚያ አባ ይመር ቁናውን ታቅፈው "ቢስሚላህ" አሉና ከማዕዘኑ ጀምረው ዘሩ። አያ ካሳ ቃሉን ጠብቆ እስከ መጨረሻው እፍኝ ቆሞ አየ።

በሳምንት ውስጥ ሜዳው አረንጓዴ ጉም ለበሰ። ፍየል እንዳይገባ በተራ እንጠብቃለን። አዘጋጆቹ የላኩት ሰውዬ ሜትሩን ይዞ መጣ፣ ለካ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳበሰው።

"ምን ዓይነት ሣር ነው?"

"የአገር ሣር ነው" አለ ተፈራ፣ ፊቱን ሳያጥፍ።

"ጥሩ ይዟል። ፈረንጅ ሣር እንኳ እንዲህ አይዝም" አለና ፈረመ።

የጨዋታው ቀን ጤፉ ከቁርጭምጭሚት አልፎ ነበር። ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው መጣ፤ ግማሹ ኳሱን፣ ግማሹ ጤፉን ሊያይ። የእንግዳው ቡድን አምበል ገና ሲገባ እግሩን አነሣና "እህል ላይ ነው እንዴ?" ብሎ ዳኛውን አየው። ዳኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ፊሽካ ተነፋ፣ የመጀመሪያው ታኬታ የመጀመሪያውን ጤፍ ነቀለ፣ ሕዝቡም "ውይ!" አለ። ለጎል አይደለም፣ ለስህተትም አይደለም፤ ለጤፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ተንሸራትቶ መሬቱን በላጠ ቁጥር ሜዳው ዙሪያ "ውይ፣ ውይ" ይላል። ተጫዋቾቹም አሠልጣኙን አስቸገሩት። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የሚረግጡት ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ባዶ ቦታ የለም። አሠልጣኙ "ርገጡት! ርገጡት ነው የምላችሁ!" ብሎ ሲጮህ አንድ ሽማግሌ "አንተን ይርገጥህ!" አሉት።

እንግዶቹ ቀድመው አገቡ። አንድ ልጅ ከኋላዬ "የሙሄ መረብ..." ብሎ ጀመረ። አያ ካሳ ዞሮ "ዝም በል! እህል እየተረገጠ ትዘፍናለህ?" አለው። ግጥሜ እዚያው ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከጎሉ ጀርባ ሆኜ አየሁት። ኳሷ ወደ ግራው ማዕዘን መጣች፣ ሙሄም ወደቀ። እጁን አላስቀደመም። ሙሉ ሰውነቱን ለቀቀው፣ እንደ ደከመው ሰው አልጋው ላይ እንደሚወድቅ፣ ኳሷን ደረቱ ላይ ይዞ ጤፉ ውስጥ ገባ። ለአፍታ አልተነሣም። የተጎዳ መስሎኝ መረቡን ያዝኩ። ቀና ሲል ጆሮው ላይ ጭቃ፣ ፀጉሩ ላይ ጤፍ አለ፤ እየሳቀ ነው። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አልነበረውም። መውደቅ የማያስፈልገው ኳስ ላይም ይወድቃል። ተፈራ "ሙሄ፣ ይበቃል፣ ይኼን በእግርህም ትይዘዋለህ!" እያለ ይለምነዋል።

እኛም አንድ መለስን፤ ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ማሸነፍ ነበረብን፤ አላሸነፍንም። ንጋት ወረደ።

ፊሽካው ሲነፋ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚመጣውን ስድብ አውቀዋለሁ። ስድብ አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ ሜዳ ውስጥ ገብቶ አጎንብሷል። የተነቀለውን ጤፍ እያነሱ ሥሩን ወደ ጭቃው ይመልሱታል፣ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ተፈራ በቅባት የጠቆረ እጁን ይዞ ፍጹም ቅጣት ምት በሚመታበት ቦታ ተንበርክኳል። "እንግዲህ ምን እናድርግ" ይላል ለራሱ፣ አንዷን ዘለላ ቀና አድርጎ ሊያቆማት እየሞከረ። "ከነጉዳቱም ቢሆን የእኛው ነው።" ሙሄ ጎሉ ላይ ተደግፎ ሲያያቸው ቆየ።

ወደ ቤት በቦዩ ጠርዝ ላይ ሄድን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

"ሀያት።"

"አቤት።"

"መታወቂያዬን አይተሽ ስትመልሺው ገልብጠሽ ነው ያስቀመጥሽው።"

እግሬ ቆመ። እሱ መሄዱን አላቆመም።

"መታወቂያ እንዳወጣሁ ከአንች ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም" አለ። "የዘፈኑበት ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ለምን ለአባ አልነገርክብኝም?"

"ምን ብዬ?" ትንሽ ሄደ። "ግን ገጥሟል። ወላሂ ገጥሟል። ባይገጥም ማን ይዘፍነው ነበር?"

ሳላስበው አለቀስኩ፤ እሱም አልዞረም፣ እንዳያሳፍረኝ ይመስለኛል።

"ትሄዳለህ?"

"አባ ውሃቸውን ሰጥተውኝ ጤፉን ሳላጭድላቸው አልሄድም። ከጎሎቹ ጀርባ ያለው አልተረገጠም፣ ያፈራል። እሱ ሲታጨድ እሄዳለሁ። ጀማልም እስከዚያ ይጠብቀኛል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ስመለስ በሜዳው በኩል ነው የማልፈው። ሌላው ሰው እህሉ እንዲደርስ ሲለምን እኔ እንዳይደርስ እለምናለሁ። ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀር የሚደረግ ዱዓ ካለ ብዬ ኡስታዙን ጠየቅሁት፤ በኩርኩም መታኝ። ማሽላችን ደካማ ሆነ፣ ግን ጨርሶ አልሞተም። በአያ ካሳ ተራ ጎርፍ ሲመጣ የግራው ቦይ ሳይዘጋ ቀርቶ ግማሹ ውሃ ወደ እኛ ማሳ ገብቶ ነበር። "ረሳሁት" አለ አያ ካሳ። በሕይወቱ ቦይ ረስቶ የማያውቅ ሰው። አባ ይመርም የውሃ አባት ሆነው ሳለ ስለዚህ ጥፋት አንድ ቃል አልጠየቁትም።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ። የሜዳው መሃል ወደ ልምላሜው አልተመለሰም፤ ከጎሎቹ ጀርባ ያለው ግን ቢጫ ሆነ፣ ነፋስ ሲነካው ይንሾካሾካል። አንድ ጠዋት ሙሄና አባ ይመር ማጭድ ይዘው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ጀማል መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር፤ ትንሽ ቦርሳ አንግቷል።

የምሥራቁን ጎል ጀርባ አጨዱ። የምዕራቡን ጀርባ ጀመሩ። ሙሄ ከዳር ይዞ ወደ መሃል መጣ፤ ማጭዱ ሽው፣ ሽው ይላል። ሊጨርስ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲቀረው፣ ከግራው ቋሚ አጠገብ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የወደቀበት ቦታ ላይ፣ ቆመ። ቀና ብሎ ጀማልን አየው። ከዚያ አንዷን ዘለላ በጣቱ ያዛት።

"ይኼኛው አልደረሰም" አለ።

አባ ይመር ማጭዳቸውን አስቀመጡ። ቀረብ ብለው ዘለላዋን በመዳፋቸው አሹ። የጤፍን መድረስ በጨለማ በዳሰሳ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ፍሬው ረግፎ መዳፋቸው ላይ ቀረ፣ ቀይ፣ የደረቀ። መዳፋቸውን ጨብጠው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

"እውነትህን ነው" አሉ። "አልደረሰም።"

ጀማል ከመንገዱ ዳር ጮኸ፤ "ሙሄ! መኪናው ይሄዳል!"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ለምን እንደዞሩ አላውቅም፤ ከሦስታችን ዓይኗ ደህና የሆነች እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል። ጤፉን አየሁት። ቢጫ ነበር።

"አልደረሰም" ብዬ ጮህኩ፣ ጀማል እንዲሰማ።